«ተገዢ» ከሆኑ የምን ፈቃድ አላቸው?

የአሌክሳንድሪያዋ
ሰላም ለዚህ ቤት። እማዬን ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና እያስጠናኋት ነው። ዕድሜዋና በግሪን ካርድ የኖረችበት ዓመት ስለፈቀደላት በአስተርጓሚ፣ በአማርኛ ነው የምትፈተነው። ትናንት ማታ ከጥያቄዎቹ ወጣ አልንና የ1776ቱን የነጻነት መግለጫ እየተረጎምኩ አነብላት ጀመር። መንግሥታት ትክክለኛ ሥልጣናቸውን ከማን ያገኛሉ የሚለው ጋ ስደርስ «ከተገዢዎቹ ፈቃድ» አልኳት። እማዬ ቡናዋን ፉት አለችና «ተገዢ ከሆኑ ደግሞ የምን ፈቃድ አላቸው?» አለችኝ። ዝም ጭጭ። ምን ልበላት? ሌላ ቃል አለ?

ነገረኛው
«የሕዝብ ይሁንታ» በያትና ጨርሰሽ ተኚ።

የአሌክሳንድሪያዋ
ይሁንታው ደስ ይላል፣ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ዐረፍተ ነገሩ የሚያወራው ስለ ሕዝብ በደፈናው አይደለም። መንግሥት ከበላያቸው ስላለባቸው ሰዎች ነው። ያንን ካወጣሁት ጨዋታው ፈረሰ።

ቃል ለቃሚ
እናትሽ ቃሉን በደንብ ሰምተውታል። «ገዛ» ብዙ ጉድ ያለበት ግስ ነው። ገበያ ወጥቶ በግ ያመጣውም ገዛ፣ ዙፋን ላይ የተቀመጠውም ገዛ። የሥሩ ነገር ባለቤትነት ነው፤ በግእዝ ጌታን «እግዚእ» የምንለውም ከዚያው ነው። ስለዚህ «ተገዢ» ሲሉት ጆሮ ላይ የሚደርሰው ባለቤት ያለው ሰው ነው። ባለቤት ያለው ሰው ደግሞ ፈቃድ አይጠየቅም።

ግን ልብ በይ፣ የዚሁ ቃል ሌላ ፊት አለ። «የገዛ ልጄ» እንላለን። «በገዛ እጁ» እንላለን። ከሁሉ በላይ ደግሞ «በገዛ ፈቃዱ» እንላለን! እዚህ ላይ ገዢውም ተገዢውም ያው አንድ ሰው ነው፣ ራሱ።

ሐረጉን መግለጫውን ያረቀቀው ቶማስ ጄፈርሰን ይጻፈው እንጂ ሐሳቡ እንግሊዝ አገር ተፈልቶ ያደረ ነው። ሮበርት ፊልመር የሚባል ጸሐፊ ነበር፤ ከሞተ በኋላ በ1680 የታተመው መጽሐፉ ንጉሥ ማለት አባት ነው ይላል፣ ሥልጣኑም ከአዳም ሲወርድ የመጣ። አባት ደግሞ ልጆቹን «እንዳሳድጋችሁ ትፈቅዳላችሁ?» ብሎ አይጠይቅም፣ ነገሩ አለቀ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ ይሄንን ለማፍረስ አንድ ሙሉ ድርሳን ጻፈ። በዚያ አልበቃውም፣ ሁለተኛ ጨመረበት። ሁለቱም አንድ ላይ በ1689 ወጡ። በሁለተኛው ላይ የሚለው፣ ማንኛውም ሰው የገዛ ሰውነቱ ባለቤት ነው። ከዚያ ተነሥቶ ነው እንግዲህ፣ የራሱ ባለቤት የሆነ ሰው ወዶና ፈቅዶ ካልሆነ በቀር በሌላ ሰው ሥልጣን ሥር ሊገባ አይችልም የሚለው።

«የገዛ ሰውነቱ» ለማለት እንግሊዝኛው ሁለት ሦስት ቃል ሲደረድር እኛ ባለቤትነቱን እዚያው ቃሉ ውስጥ ቋጥረነዋል። ስለዚህ ለእናትሽ «በገዛ ፈቃዳቸው ከሚተዳደሩት ሰዎች» በያቸው። ትንሽ ይረዝማል፤ ይርዘም።

ነገረኛው
ጋሼ፣ አሪፍ ነው። ግን ሰውዬውን በጣም አላሳመሩትም? ጄፈርሰን በዕድሜው ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት የያዘ ሰው ነው። ሎክም ቢሆን በአፍሪካ የባሪያ ንግድ ኩባንያ ውስጥ አክሲዮን ነበረው። የእማማ ጥያቄ ለእነዚያ ሰዎች ሲሆን ቀልድ አይደለም። ተገዢ ነበሩ፣ በበጉም በዙፋኑም ትርጉም። ማን ፈቃዳቸውን ጠየቀ?

ቃል ለቃሚ
አልክድህም። እንዲያውም አማርኛው እዚህ ጋ ከእንግሊዝኛው ይልቅ እውነቱን ይናገራል። እነሱ ለመግዛትና ለማስተዳደር የተለያየ ቃል ስላላቸው ሁለቱን ነገር ሁለት ኪስ ውስጥ ከትተው መሄድ ችለዋል። መንግሥትን የሚጠሩበት ቃል ራሱ ከግሪክ የመርከብ መሪ ከመያዝ የመጣ ነው። የኛ «መንግሥት» ደግሞ ከ«ነገሠ»። ንጉሥ የሌለበት መንግሥት ስንል ቃሉ ራሱ ይስቅብናል።

የድሮ ተማሪ
ዘግይቼ ገባሁ ይቅርታ። «ተገዢ»ን ካነሣችሁ አይቀር የጄፈርሰንን ረቂቅ ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። መግለጫውን ሲያረቅቅ አንድ ቦታ ላይ ስለ አገሩ ሰዎች ሲጽፍ «ተገዢ ወገኖቻችን» የሚል ቃል አምልጦት ነበር፣ ለእንግሊዝ ንጉሥ የሚባለውን ዓይነት። ወዲያው ቀለሙ ሳይደርቅ አበሰው። በላዩ ላይ «ዜጎች» ብሎ ጻፈበት። ሲያብሰው የቀረው የቀለም ዝቃጭ እስከ ዛሬ ወረቀቱ ላይ አለ። ከሥሩ ምን እንደነበረ የታወቀው ግን በፈረንጆች 2010 ነው፣ ዋሽንግተን ያለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በልዩ ካሜራ አንሥቶት። እስቲ አስቡት፣ ነጻነት እያወጀ ያለ ሰው እጁ በልማድ «ተገዢ» ብሎ ጻፈ።

በነገራችን ላይ የኛም «ዜጋ» ንጹሕ ቃል አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመሬት መዛግብት ላይ ዜጋ የሚባለው በባለ ጉልት፣ ማለት መሬት በተሰጠው ጌታ፣ ሥር ያለ የበታች ሰው ነው። ጄፈርሰን ቃሉን ለወጠ። እኛ ቃሉን ሳንነካ ትርጉሙን ገለበጥነው። የቱ ይሻላል አላውቅም፣ የኛው ቀለም ቆጣቢ ነው።

የአሌክሳንድሪያዋ
ሃሃ፣ ቀለም ቆጣቢ! እሺ ሌላም ልጠይቅ። እነዚህ ሰዎች ከእንግሊዝ ሐሳቡን ብቻ ነው የወሰዱት ወይስ ቃል በቃልም?

የድሮ ተማሪ
ቃል በቃል የወሰዱት ሞልቷል። ለእኔ የምትጥመኝ የዋስትናዋ ናት። የ1689ኙ የእንግሊዝ የመብቶች ሕግ «ከመጠን ያለፈ ዋስትና ሊጠየቅ አይገባም» ይላል። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያሽ ያለችባት ያንቺው ቨርጂኒያ፣ በ1776 እንዳለ ገለበጠችው። በ1791 የጸደቀው ስምንተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ላይ ስትደርስ ግን «አይጠየቅም» ሆነች። አንዲት ቃል ናት የተነካችው። «አይገባም» ማለት ሽማግሌ የሚመክረው ዓይነት ነው። «አይጠየቅም» ግን ትእዛዝ ነው። ስትተረጉሚ ሁለቱን እንዳታቀላቅያቸው።

የአሌክሳንድሪያዋ
ጋሼ፣ «በገዛ ፈቃዳቸው» ለእማዬ ተነገራት። ራሷን ነቀነቀች፣ ገባት። ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ፈቃዳቸውን ቢያነሱስ? ለማን አቤት ይላሉ?»

ቃል ለቃሚ
እናትሽን አንድ ቀን አስተዋውቂኝ። መግለጫው ራሱ እዚያው ቀጥሎ ይመልስላቸዋል፤ ሕዝቡ መንግሥቱን መለወጥ ወይም ማፍረስ መብቱ ነው ይላል። ሎክ ግን «ለማን አቤት ይላሉ» ለሚለው የሰጠው መልስ አስተርጓሚ የሚያሳስት ነው። ምድር ላይ ዳኛ ከጠፋ ያለው ይግባኝ ወደ ሰማይ ነው ይላል። ይሄን ያየ አማርኛ ተናጋሪ ወዲያው «ይግባኝ ለክርስቶስ» ብሎ ይተረጉመዋል። ተሳሳተ! እኛ ይግባኝ ለክርስቶስ ስንል እጃችንን አጣጥፈን፣ ፍርዱን ለላይኛው ትተን፣ እያለቀስን ወደ ቤት መግባታችን ነው። ሎክ ምሳሌ የሚያደርገው ግን ዮፍታሔን ነው፣ መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 11። ዮፍታሔ «እግዚአብሔር ይፍረድ» አለና ጦሩን ይዞ ወጣ። በ1775 የጆርጅ ዋሽንግተን መርከቦች ያችኑ «ይግባኝ ወደ ሰማይ» የምትለዋን ሐረግ ከጥድ ዛፍ ጋር ባንዲራቸው ላይ ጽፈው የእንግሊዝን መርከብ ሊይዙ ባሕር ገቡ። ስለዚህ እዚህ ጋ «ይግባኝ» ካልሽ ከጎኑ ሰይፍ እንዳለ በሆነ መንገድ አሳዪ፣ አለዚያ እማማ ሰዎቹ ቤተ ክርስቲያን የሄዱ ይመስላቸዋል።