ቀይ እሸቱን ይሽጥ ወይስ አድርቆ በስሙ ይላክ?

ጌዴኦዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለቀማ ሊጀመር ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው፤ እኛ ቤት ግን እስካሁን ስምምነት የለም። አባቴ ይርጋ ጨፌ አካባቢ ግማሽ ሄክታር የምትሆን የጓሮ ቡና አለው። እንሰቱም ቡናውም ዋንዛውም እዚያው አንድ ላይ ናቸው። ዕድሜውን ሙሉ ቀን ለቅሞ፣ ማታ እሸቱን፣ ማለትም ያልደረቀውን ቀይ የቡና ፍሬ፣ ተሸክሞ ለቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሲሸጥ ነው የኖረው። ታናሽ ወንድሜ ግን «ዘንድሮ አንድ ኪሎ እሸት ከዚህ ግቢ አይወጣም» ብሏል። የማድረቂያ አልጋ ሠርተን፣ ራሳችን አድርቀን፣ በአባባ ስም ወደ ውጭ እንላክ ነው የሚለው።

ልጁ ያለ ምክንያት አልተነሳም። ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የሚባለው የቡና ጥራት ውድድር በ2012 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ እኛ አገር ሲካሄድ፣ አንደኛ የወጣው የሲዳማ አርሶ አደር ቡና በጨረታ አንዱ ፓውንድ 185.10 ዶላር ተሸጧል። ይህን የሰማ ወጣት እሸት መሸጥ ቢያንገሸግሸው አይገርመኝም።

እኔ ግን ከአባቴ ጋር ነኝ። አምና ስድስት ኩንታል የሚሆን እሸት ለሙከራ ቤት አስቀርተን ነበር። ያደረቀችው እናቴ ናት። ጠዋት ጤዛው ሲነሳ ላስቲኩን ትገልጣለች። ፍሬውን በእጇ ታገላብጣለች። የተሰነጠቀውን፣ የጠቆረውን፣ ያልበሰለውን አንድ በአንድ ትለቅማለች። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲከር ታለብሰዋለች፣ ሲበርድ ትገልጠዋለች፣ ሲመሽ መልሳ ታለብሰዋለች። ይህ ለሃያ ስድስት ቀን ነው። በመሃል አንድ ቀን ለቅሶ ሄደች። ያን ቀን ዝናብ መጣ፤ ሰው ከማሳ ሮጦ እስኪደርስ የአንዱ አልጋ ቡና ራሰ፣ ከዚያም ሻገተ። የተረፈውን «በጥሩ ዋጋ እወስደዋለሁ» ያለን አንድ ላኪ ነበር። ውሉ በቃል ነው። ጥር ላይ ስልክ ማንሳት አቆመ። ጀንፈሉን (ከነገለባው የደረቀውን ቡና) በመጨረሻ የሰፈር ነጋዴ በተራ ዋጋ ወሰደው።

የእናቴን ሃያ ስድስት ቀን ማንም ሒሳብ ውስጥ አላስገባውም። እናንተ ምን ትላላችሁ? ትንሽ መሬት ያለው ገበሬ እሸቱን ሸጦ ይገላገል ወይስ አድርቆ በስሙ ይላክ?

የበንሳ ልጅ፦

እህቴ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ያበርታት። እኔ ግን ከወንድምሽ ጋር ነኝ።

የእሸት ትልቁ ችግር አለማደሩ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ሚዛን ፊት የቆመ ገበሬ «ዋጋው አልተስማማኝም» ብሎ ቡናውን ይዞ አይመለስም። ቢመለስ ጠዋት እሸቱ ሞቆ፣ ሽታው ተለውጦ ያገኘዋል። ሰብሳቢው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ ያለውን ዋጋ ይሰጥሃል፤ ትቀበላለህ። ጀንፈል ግን ጎተራ ይገባል። ዛሬ ገበያ ከሌለ መጋቢት ይጠብቃል። ገበሬ የመደራደር አቅም የሚያገኘው ዕቃው ሲቆይለት ነው።

የስሙም ነገር ቀላል አይደለም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል ሲያልፍ የአንድ አካባቢ ቡና በደረጃ ተመድቦ ይደባለቅ ነበር። የማን ማሳ እንደሆነ ገዢው ማወቅ አይችልም። በቀጥታ ይልኩ የነበሩት ማኅበራትና የራሳቸው ትልቅ እርሻ ያላቸው ናቸው። አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ሲወጣ ነው የቡናው መነሻ እንዲታወቅ፣ አምራቹም ራሱ እንዲልክ በሩ የተከፈተው። በሩ ተከፍቶልን ደጅ ላይ የምንቆመው ለምንድን ነው?

ጌሻ የሚባለውን ቡና አስቡት። ከኛው ደቡብ ምዕራብ ጫካ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተወሰደ ዘር ነው። ብዙ አገር ዞሮ ፓናማ ገባ። በ2004 (እ.ኤ.አ.) እዚያ ውድድር ሲያሸንፍ ዓለም የያዘው የፓናማውን እርሻ ስም ነው። ዘሩ የኛ ነበር፤ ገንዘቡ የሄደው ስሙን ወዳስመዘገበው ሰው ነው። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያበሳጨኛል።

ቀማሽ፦

እኔ ከሲኒው በኩል ልናገር፤ ሥራዬ እሱ ነው። ስፔሻሊቲ የሚባለው በቅምሻ ከመቶ 80 እና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኘ ቡና ነው። ከጌዴኦ ወይም ከሲዳማ ደጋ በደንብ በስሎ የተለቀመ ቡና ጥሩ መነሻ አለው። የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ከዛፉ ከወረደ በኋላ ነው።

አልጋው ላይ ወፍራም ሆኖ ከተከመረ ውስጡ ይሞቅና ይቦካል። በሐሩር ቶሎ ከደረቀ ደግሞ ቅርፊቱ ይደርቅና ፍሬው እርጥብ ይቀራል። እርጥበቱ ከ11 እስከ 12 በመቶ ሲደርስ መነሳት አለበት። ልምድ ያላቸው አባቶች በጥርሳቸው ነክሰው፣ በእጃቸው አንኮሻኩሸው ያውቁታል፤ ብዙም አይሳሳቱም። ገዢው ግን የመሣሪያ ቁጥር ይፈልጋል። መሣሪያው ደግሞ ውድ ነው።

ድሮ ቤት የደረቀ ቡና እንደ ሁለተኛ ልጅ ነበር የሚታየው። የተሻለው ይታጠባል፣ የተረፈው ይደርቃል። ዛሬ ያ ተለውጧል። በጥንቃቄ የደረቀ ቡና የበሰለ ፍራፍሬ ጣዕም አለው፤ ፈላጊውም ብዙ ነው። እዚህ ላይ የበንሳው ወንድሜ ልክ ነው።

ግን ስለ 185 ዶላሩ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ዓመት ከ1,400 በላይ ናሙና ቀርቧል። ለጨረታ የበቁት 28 ናቸው። የቀሩትም አልጋ ሥር ቆመዋል፣ የነሱም እናቶች አገላብጠዋል። አንድ አባት በዚያ ዋጋ ተመክቶ የዓመት ቀለቡን አልጋ ላይ እንዲያሰጣ አልመክርም።

ቡና ቆዪው፣ ከቨርጂኒያ፦

እዚህ ትንሽ የቡና መቁያ አለችኝ። ደንበኞቼ የገበሬውን ስም ከረጢቱ ላይ ማየት ይወዳሉ፤ እኔም ደስ ይለኛል። ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ 320 ኬሻ ይይዛል። 19,200 ኪሎ ማለት ነው። ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው በደህና ዓመት ሦስት ተኩል ኩንታል ንጹሕ ቡና ቢያገኝ ጥሩ ነው። አንዱን ኮንቴይነር ለመሙላት ከሃምሳ በላይ ጎረቤት ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ከአንድ ቦታ የምገዛው ከአሥር ኬሻ አይበልጥም። የማበጠሪያው፣ የጥራት ምርመራው፣ እስከ ጅቡቲ ያለው ጭነት ለአምስት ኬሻ ተብሎ አይረክስም። «በስሙ ይላክ» ስትሉ ማን እንደሚልክለትም ንገሩኝ።

የበንሳ ልጅ፦

ጎረቤትማ አለ ወንድሜ! እኛ ሰፈር አሥራ ሁለት ሆነን ጀምረናል። አልጋው አንድ ቦታ ነው። የሚያገላብጡት ሴቶች የቀን ሒሳባቸው ተጽፎ ከሽያጩ ላይ ቀድሞ ይነሳል። የጌዴኦዋን እናት ጉዳይ ስሰማ ይህን ማንሳት ፈለግሁ። ማታ የሚጠብቅም በተራ እንመድባለን። ለቀለብና ለልጆች ደብተር የሚሆነንን ያህል እሸት እንሸጣለን፤ ሌላውን እናደርቃለን። ሁለት ዓመታችን ነው፣ አልከሰርንም።

የማኅበር ሒሳብ ያዥ፣ ዲላ፦

አሥራ ሁለት ሆናችሁ የሠራችሁት እኮ ማኅበር ነው ወንድሜ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የኦሮሚያ፣ የሲዳማና የይርጋ ጨፌ ዩኒየኖች የተቋቋሙት በዚሁ ሐሳብ ነው። ገበሬው እሸቱን ለመሠረታዊ ማኅበሩ ይሰጣል፣ የዕለቱን ዋጋ ይቀበላል፣ ቡናው ከተላከ በኋላ ከትርፉ ሁለተኛ ክፍያ ያገኛል።

አንድ የተረሳ ነገር ላንሳ። ይርጋ ጨፌን ዓለም ያወቀው በአበባ ሽታው ነው፤ ያ ጣዕም ጎልቶ የሚወጣው ከታጠበ ቡና ነው። ለመታጠብ እሸቱ በዚያው ቀን መፈልፈል፣ ገንዳ ውስጥ መቦካት፣ በብዙ ንጹሕ ውኃ መታጠብ አለበት። ይህን ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው ጓሮው ውስጥ አያደርገውም። ሁሉም እሸት መሸጥ ያቁም ካልን የታጠበውን ይርጋ ጨፌ ማን ያወጣዋል?

ማኅበር ችግር የለበትም አልልም። ውስጡ ነው የምሠራው። ብድሩ ለለቀማው አይደርስም። እኛ ባዶ ካዝና ይዘን ስንጠብቅ ነጋዴው ጥሬ ገንዘብ ይዞ በር ላይ ይቆማል። ገበሬው ወደዚያ ቢሄድ ልፈርድበት አልችልም፤ የልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ ዛሬ ነው። ሁለተኛው ክፍያ ደግሞ ይዘገያል። ሲመጣም ከምን ተነስቶ ያን ያህል እንደሆነ ገበሬው አያውቅም። ሒሳቡን ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን፤ ቆሞ የሚያስረዳ ሰው ግን አንመድብም። ይህ የኛ ጥፋት ነው።

ጌዴኦዋ፦

ጋሼ፣ ስለ እውነቱ አመሰግናለሁ። እስቲ ከዚሁ ልነሳ።

አባቴ እሸት ሲያስረክብ የሚሰጡት ካርኒ ቤት ውስጥ አለ። ትናንት ፎቶ አንሥተው ላኩልኝ። ቀን፣ ኪሎ፣ ብር። ሌላ ምንም የለበትም። ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ይሆናል። ይህን ያወቀ ሰው ቡናው በስንት ዶላር እንደተላከ ቢነገረው ድርሻውን ራሱ ያሰላዋል። የሚነግረው ግን የለም። አገሪቱ በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። እናቴ ሃምሳ ዓመት ቡና ለቅማ አንድም ቀን «ቡናሽ ይህን ያህል ነጥብ አመጣ» ያላት ሰው የለም።

አሁን ጥያቄዬን አስተካክያለሁ። ማድረቅ የሚያመጣውን ጣጣ ሁሉ፣ አልጋውን፣ ዝናቡን፣ ሦስት ወር መጠበቁን፣ ገበሬው ብቻውን መሸከም የለበትም። ባለ ማጠቢያው ይሸከም፤ ማሽኑም ውኃውም ሠራተኛውም የሱ ነው። ግን ካርኒው ላይ ይጻፍ፦ ሁለተኛ ክፍያ አለ፣ ከላኪው ዋጋ ይህን ያህል በመቶ ነው፣ የሚከፈለው በዚህ ወር ነው። ማኅበርም ይሁን የግል ማጠቢያ። ይህ ካልተጻፈ ወንድሜ ልክ ነው፣ እሸት መሸጥ ቡናን በጨለማ ማስረከብ ነው።

የበንሳ ልጅ፦

ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን። ማጠቢያው የመቶ ሰው እሸት አንድ ገንዳ ውስጥ ይጨምራል። የአባትሽ ቡና ስንት ነጥብ እንዳመጣ ራሱም አያውቅም። የማያውቀውን ምን ብሎ ይጽፋል?

ቀማሽ፦

ይህ ይቻላል። የአንድ ቀን ወይም የአንድ ቀበሌ እሸት ለብቻው ታጥቦ፣ አልጋው ላይ ቀኑና ቁጥሩ የተጻፈበት ታርጋ ይሰቀልለታል። እንዲህ የሚሠሩ ማጠቢያዎች አሁንም አሉ። ናሙናው የሚመጣልኝ ከነታርጋው ነው። በዚያ ቀን ያስረከቡት ገበሬዎች ዝርዝር መዝገቡ ላይ አለ። ነጥቡን ወደ ገበሬው የሚመልስ ሰው ነው የጠፋው። እኔም ራሴ እስከ ዛሬ ነጥቡን ለላኪው ብቻ ነበር የምልከው። ማጠቢያው ከጠየቀኝ ለገበሬው የሚሆን በአማርኛም፣ በአካባቢው ቋንቋም አጭር ወረቀት አዘጋጃለሁ።

የበንሳ ልጅ፦

እንዲህ ከሆነ እሺ፤ ግማሽ መንገድ መጥቼላችኋለሁ። እኛ ግን ማድረቃችንን አናቆምም። መደራደር የቻልነው ጀንፈሉ እጃችን ላይ ስለነበረ ነው።

ጌዴኦዋ፦

አታቁሙ። እኔም አቁሙ አላልኩም።

ዛሬ ቤት ደውዬ ነበር። አባባ እሁድ ከማኅበሩ ሰብሳቢ ጋር ይገናኛል፤ የካርኒውን ነገር ያነሳል። ሌሎች ሰባት አባወራዎችም አብረውት ይሄዳሉ። ከዚያ እናቴን አገናኙኝ አልኩ። ይህን ሁሉ ስንከራከር እሷን የጠየቃት ሰው እንደሌለ ያየሁት ገና አሁን ነው። «ሁለት አልጋ እችላለሁ» አለችኝ። «ሦስተኛውን የሠራ ሰው ራሱ ያገላብጠው። ለቅሶ ስሄድ ደግሞ ማን እንደሚጠብቅልኝ ከአሁኑ ይነገረኝ።»

ወንድሜ ቀርከሃ ቆርጦ ሁለተኛውን አልጋ ትናንት ጨርሷል።