የአጎቴን የትርጉም ደብተር ምን እናድርገው?

የደሴ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አጎቴ ደሴ ውስጥ ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው ባለፈው ክረምት አረፉ። ሣጥናቸውን ስንከፍት አንድ ባለ ካሬ ደብተር አገኘን። ለካ የጥንቱን የፋርስ ገጣሚ የዑመር ኻያምን ሩባያት፣ ማለትም ባለ አራት መስመር ግጥሞቹን፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲመልሱ ኖረዋል፤ ለማንም ትንፍሽ ሳይሉ! በእርሳስ ይጽፋሉ፣ ይሰርዛሉ፣ ደግሞ ይጽፋሉ። ከየግጥሙ ጎን ቀኑ አለ። ጭቃው ሸክላ ሠሪውን «ቀስ በል» እያለ ከሚለምንበት ግጥም ጎን «ዛሬ እህቴን ቀበርናት» ይላል። እህታቸው እናቴ ናት። እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ።

አሁን ልጆቻቸው አልተስማሙም። ትልቁ «ይታተም» ይላል። ትንሿ «አባባ ቢፈልግ ራሱ ያሳትመው ነበር» ትላለች። የደብተሩ ሽፋን ላይ የእንግሊዝኛው ተርጓሚ ስም በትልቁ ተጽፏል፦ ኤድዋርድ ፊትዝጀራልድ። ስለ ሰውየው የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ከኮምቦልቻ፦
ነፍስ ይማር ወንድሜ። ፊትዝጀራልድም ስሙን የደበቀ ሰው ነው። ፋርስኛ ያስተማረው ወዳጁ ኮዌል፣ ኦክስፎርድ ያገኘውን የእጅ ጽሑፍ ገልብጦ ላከለት። በ1859 እ.ኤ.አ. 250 ቅጂ አሳተመ። ገዢ ጠፋ። ሻጩ መጽሐፉን በአንድ ፔኒ ከሚሸጡት ርካሾች ጋር ጣለው። ከዚያ በ1861 ገጣሚው ሮሴቲ እጅ ገባ፤ ወሬው ከሰው ሰው ተዛመተ። በሕይወት ሳለ አራት ጊዜ ቢታተምም ስሙን አላወጣም። በ1883 ሞተ።

ቃል በቃል አልተረጎመም። ሁለት ሦስቱን ግጥም አዋህዶ አንድ የሚያደርግበት ጊዜ አለ። ብዙዎች ይወቅሱታል፤ እኔ አልወቅሰውም። እሱ ባይነካው ኻያም ደሴ ድረስ አይመጣም ነበር። ኻያም ራሱ በዘመኑ የታወቀው በሒሳብና በሥነ ፈለክ ነው፤ አጎትህ የሙያ ባልደረባቸውን ነው የተረጎሙት። ኢራን ውስጥ ኒሻፑር ካለው የኻያም መቃብር በመጣ ዘር የበቀለች ጽጌረዳም በ1893 ፊትዝጀራልድ መቃብር ላይ ተተክላለች። ይህን ለትንሿ እህትህ ንገራት።

የቦሩ ሜዳ እናት፦
ልጄ፣ አብሽር፣ ነፍሳቸውን ይማር። ዱንያ እንዲህ ናት። እኛ ቤት የወሎው ሊቅ የሼህ ጦልሃ መንዙማ የተረፈው በሁለት መንገድ ነው። አንድም በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ ተጽፎ፣ አንድም በየሐድራው፣ መንዙማ በሚባልበት ስብሰባ ሁሉ፣ በቃል ተይዞ። አባቴ ወረቀቱ ቢጠፋም አንጎራጉረው ያደርሱት ነበር። ስለዚህ ማተሙ ይቆይ፤ መጀመሪያ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። እርሳስ ደግሞ ይደበዝዛል፤ ቶሎ ፎቶ አንሱት። የተሰረዘውንም እንዳትተዉ፤ ሰውየው ያሉት እዚያ ነው። የእናትህን ቀን ማንም እንዳያጠፋው።

የደሴ ልጅ፦
እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የኮምቦልቻው ወንድሜም ተባረክ። ለትንሿ አነበብኩላት። ስለ አራቱ እትሞች ስትሰማ ዝም አለች፤ ከዚያ «ፎቶ ይነሳ፣ የማተሙን ነገር ከሙት ዓመቱ በኋላ እናወራለን» አለች። ቅዳሜ ሁላችንም እነሱ ቤት ነን፤ የምታነበው እሷ ናት። ደሴ ውስጥ ጥሩ ስካነር ያለው ቤት የምታውቁ ጠቁሙኝ፤ ፒያሳ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል።