የሰው መሬት ለረጅም ዓመታት የያዘ ሰው በይርጋ ባለቤት የሚሆነው መቼ ነው?

ጠያቂ፦
በብዙ አገሮች ሕግ የሌላ ሰው መሬት ለረጅም ዘመን በእጁ ያደረገ ሰው ሳይገዛና ሳይወርስ በይርጋ፣ ማለትም በሕግ የተወሰነው ዘመን በማለፉ፣ ባለቤት ሊሆን እንደሚችል አነበብሁ። ሁለት ነገሮች ግራ አጋብተውኛል። ሕግ በሰው ንብረት ላይ ያለፈቃድ የገባን ሰው እንዴት ይሸልማል? ነገሩ በዓመት ብዛት የሚወሰን ከሆነስ፣ 20 ዓመት የተቀመጠ ተከራይም ቤቱን ሊወስድ ነው ማለት ነው?

መልስ 1፦
ከተከራዩ ልጀምር፤ የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚያ ነውና። ተከራይ 20ም ሆነ 50 ዓመት ቢቀመጥ ኪራዩ እስካለ ድረስ በይርጋ ባለቤት አይሆንም። የገባው በባለቤቱ ፈቃድ ነው፤ ኪራይ በከፈለ ቁጥርም ቤቱ የሌላ ሰው መሆኑን ራሱ ይመሰክራል። በነጻ እንዲጠቀም የተፈቀደለት ዘመድም እንዲሁ ነው። ዘመኑ መቆጠር የሚጀምረው አንድ ሰው ያለፈቃድ፣ ራሱን እንደ ባለቤት አድርጎ መሬቱን ከያዘበት ቀን ነው።

ይዞታው ግልጽ መሆንም አለበት፤ ይኸውም ባለቤቱ መጥቶ ቢያይ መሬቱ እንደተያዘበት ሊረዳ የሚችልበት ዓይነት ነው። በስውር የተያዘን ነገር በተመለከተ ባለቤቱን ለምን ዝም አልክ ብሎ መውቀስ አይቻልም። ያልተቋረጠ ይዞታ ሲባል ግን ሌት ተቀን እዚያው ማደር ማለት አይደለም፤ መሬቱን እንደ ጠባዩ ባለቤቱ ሊጠቀምበት በሚችለው መጠን መጠቀም ይበቃል።

መልስ 2፦
«ይሸልማል» በሚለው ቃል አልስማማም። መነሻው የባለቤቱ የመክሰስ መብት በጊዜ መገደቡ ነው፦ ምስክር ይሞታል፣ ሰነድ ይጠፋል፣ ፍርድ ቤትም የዘመናት ክርክር ሲቆፍር መኖር አይችልም። ሆኖም ውጤቱ አንዳንዴ እንደሚከብድ አልክድም። በእንግሊዝ አገር ፓይ የተባለ ኩባንያ በመሬቱ ላይ ለጎረቤቶቹ የሰጠውን የግጦሽ ፈቃድ ላለማደስ ከወሰነ በኋላ፣ ጎረቤቶቹ የግራሃም ቤተሰብ አባላት 23 ሄክታር ገደማ የሚሆነውን መሬት ከ12 ዓመት በላይ ሲጠቀሙበት ኖሩ፤ ያኔ የአገሩ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2002 ለእነርሱ ፈረደ። ኩባንያው ጉዳዩን ወደ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ቢወስደውም፣ ታላቁ ችሎት በ2007 በ10 ለ7 ድምፅ ሳይቀበለው ቀረ። በዚሁ በ2002 የወጣው የመሬት ምዝገባ ሕግ ግን የተመዘገበ መሬት የያዘ ሰው ከ10 ዓመት በኋላ ሲያመለክት ለባለቤቱ ማስታወቂያ እንዲደርሰው አድርጓል፤ ባለቤቱ ከተቃወመ ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ ይወድቃል። ለእኔ ትክክለኛው መፍትሔ ይህ ይመስለኛል።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። አጥሩን በስህተት ወደ ጎረቤቱ መሬት አስገብቶ የሠራ፣ የራሴ ነው ብሎ በቅን ልቦና ያመነ ሰውስ?

መልስ 1፦
እዚህ ላይ ሕጎች ይለያያሉ። በፈረንሳይ መደበኛው ዘመን 30 ዓመት ሲሆን፣ ባለቤትነት ሊያስተላልፍ የሚችል ሰነድ ይዞ በቅን ልቦና ለገባ ሰው ወደ 10 ዓመት ይወርዳል፤ አጥርን በስህተት ወደ ጎረቤት መሬት ማስገባት ብቻውን ሰነድ ስላልሆነ ይህን ቅናሽ አያስገኝም። በካሊፎርኒያ 5 ዓመት ይበቃል፤ ነገር ግን ያዡ በዚያ ዘመን በመሬቱ ላይ የተጣለውን ግብር መክፈሉን ማስረዳት አለበት። ለባለቤቱ ግን ርካሹ መከላከያ ክስ አይደለም፦ ዘመኑ ሳይሞላ ለጎረቤቱ በጽሑፍ ፈቃድ ቢሰጥና ቢያስፈርመው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ይዞታ በፈቃድ የተያዘ ይሆናል።