ለጓሮ ጣራ 14,500 ዶላር ተጠየቅኩ፤ ደህና ዋጋ ነው?

የጓሮው አባወራ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አምና ሐምሌ ልጃችንን ክርስትና ስናስነሳ ጓሮ ድንኳን ተከራይተን ነበር። እንግዳው ሊበላ ሲቀመጥ ዝናቡ መጣና ድንኳኑ መሃሉ ላይ ውሃ አቆረ። አጎቴ በመጥረጊያ እንጨት ወደ ላይ ቢገፋው በአንድ ጊዜ ተዘረገፈና የዶሮ ወጡን ድስት ሞላው። ባለቤቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ፐርጎላ» (በአምዶች ላይ የሚቆም የጓሮ ጥላ) እንዳለች ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ የኛው ሰው መጥቶ ለካ። ከወጥ ቤቱ በር ውጭ ያለው ሲሚንቶ 12 በ16 ጫማ ነው። ከቤቱ ግድግዳ ጋር አያይዞ፣ በሺንግል (በቤት ጣራ ክዳን) ከድኖ 14,500 ዶላር አለኝ። ግማሹን ቀብድ፤ በካሽ ከሆነ 1,500 ይቀንሳል። ፐርሚት (የግንባታ ፈቃድ) ያስፈልግ እንደሆን ብጠይቀው «ለዚህች? ተወው ወንድሜ፣ ማን ያያል» ብሎ ሳቀ። እኔን ያሳሰበኝ ዋጋው ነው፣ ሚስቴን ሳቁ። ያሠራችሁ ካላችሁ ስንት አወጣችሁ?

ቤቲ ዘዉድብሪጅ፦
እኛ በሳጥን የሚመጣውን የአሉሚኒየም ፐርጎላ በ1,900 ዶላር ገዛን፣ 10 በ13 ነው። ሳጥኑ ላይ «ለመገጣጠም ከ4 እስከ 6 ሰዓት» ይላል፤ ባሌና ወንድሙ ሁለት ቅዳሜ ፈጁበት። ጨርቁ ለፀሐይ ጥሩ ነው፣ ዝናብ ግን አይከለክልም። ሐሳባችሁ ድስቱን ማዳን ከሆነ አይሆናችሁም።

አናጺው፦
ወንድሜ፣ እዚህ አካባቢ ዴክና የጓሮ ጣራ ስሠራ 14 ዓመቴ ነው። ቤቲ እንዳለችው ነው፤ ፐርጎላ ከላይ ወራጅ ብቻ ስለሆነ ዝናቡ ያልፋል። አንተ የምትፈልገው ጣራ ነው። 14,500ን ለ192 ካሬ ጫማ ስታካፍለው በካሬ ጫማ 75 ዶላር ገደማ ይመጣል። ፐርሚት አውጥቶ፣ መሠረቱን በወጉ ቆፍሮ፣ አሸንዳ ገጥሞ ከሆነ አልተጋነነም። ያለነዚህ ከሆነ ግን ተዘርፈሃል።

ገንዘቡ የሚያልቀው መሬት ውስጥ ነው። አንተ ባለህበት ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ መሠረቱ 30 ኢንች መውረድ አለበት። ካነሰ ዊንተር ላይ አፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ያብጥና አምዱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ወርዱ 12 ኢንች ለሆነ አንድ ጉድጓድ ባለ 80 ፓውንዱ የኮንክሪት ከረጢት ከሦስት በላይ ይበላል፤ ለጣራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያም ይሰፋል። ለስድስት ጉድጓድ 20 ከረጢት ከመኪና እስከ ጓሮ አንዴ ተሸከምና ለምን እንደምናስከፍል ይገባሃል።

ጣራ በረዶም ይሸከማል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2016 የወረደውን እዚህ የነበረ አይረሳውም፤ እኔ ከዚያ በኋላ የወደቀ የጓሮ ጣራ ሳነሳ ነው የከረምኩት።

ግድግዳህ ምንድን ነው? ጡብ ከሆነ እሱ ላይ እንዳታሳስረው። የዚህ አገር ቤት ጡብ ብዙውን ጊዜ ልባስ እንጂ ተሸካሚ አይደለም። በራሱ አምዶች ላይ የሚቆም አሠራ።

ቀብዱን በተመለከተ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የቤት ዕድሳት ኮንትራክተር ከጠቅላላው ዋጋ ከሲሶ በላይ ቀብድ መቀበል ክልክል ነው። የኤም ኤች አይ ሲ (የሜሪላንድ የቤት ዕድሳት ኮሚሽን) ፈቃድ ቁጥሩን ጠይቀው።

ተቃጥዬ ያወቅኩ፦
እኔ «የኛ ሰው ነው» ብዬ 6,000 ዶላር ቀብድ ሰጥቼ፣ አራት ጉድጓድ ቆፍሮልኝ ጠፋ። ለስቴቱ ባመለክት፣ በኮንትራክተር ለተጎዳ ሰው ካሳ የሚከፍለው የዋስትና ፈንድ የሚክሰው ፈቃድ ያለው ኮንትራክተር ያደረሰውን ጉዳት ብቻ ነው ተባልኩ። የኔው ሰውዬ ለካ ፈቃድ የሚባል ነገር የለውም። በአንዱ ጉድጓድ ጤና አዳም ተክያለሁ።

የጓሮው አባወራ፦
ቁጥሩን ጠየቅኩት። መጀመሪያ «እልክልሃለሁ» አለ። ማታ «የአጎቴ ልጅ ፈቃድ አለው፣ በሱ ስም እንሠራለን» አለ። ዛሬ ስልክ አያነሳም። ግድግዳችን ደግሞ ጡብ ነው። ሚስቴ ይህን ሁሉ አንብባ ምንም አላለችም፣ ቡናዬን ቀድታልኝ ገባች።

አናጺው፣ በራሱ ለሚቆም 12 በ12 ስንት ትለኛለህ? ድስቱ ያለበት ከተከደነ እንግዳው ቤት ይግባ።

አናጺው፦
ቦታውን ሳላይ ዋጋ አልጠራም። መጀመሪያ 811 (ከመቆፈር በፊት የሚደወልበት ቁጥር) ደውል፣ ነጻ ነው፤ መጥተው የጋዝና የመብራት መስመሩን መሬቱ ላይ በቀለም ያሰምሩልሃል። ከጋዝ ቆጣሪው ወዲህ ለባርቤኪው የተዘረጋ የጋዝ ቧንቧ ካለ ግን እሱ የግልህ ስለሆነ አይነኩትም፣ በየት እንደሚያልፍ አንተ አሳየኝ። ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ።