አያቴ ዝም ስትል ሪከርደሬ ለምን «ሽሽሽ» ይላል?

ጠያቂ

ሰላም እንዴት ናችሁ። ጅማ ነኝ። አያቴን፣ እኛ አኮ ነው የምንላት፣ ድምፅዋን እየቀረጽኩ ነው። 84 ዓመቷ ነው። ከአባቷ የሰማችውን የአባ ጅፋር ዘመን ወሬ፣ የሂርማታን የሐሙስ ገበያ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ ትነግረኛለች። ባለፈው ክረምት ታማ በጣም አስደንግጣን ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ሪከርደር የገዛሁት።

በእጅ የምትያዝ ትንሽ ናት፤ አናቷ ላይ ሁለት ማይክ አላት። አራት ቀን ቀረጽን። ትናንት ማታ ኢርፎን ሰክቼ ሳዳምጠው ልቤ ስብር አለ።

ሦስት ዓይነት ድምፅ ገብቶበታል። አንዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማይቋረጥ «እምምም» ነው። ሌላው አልፎ አልፎ «ትርትርትር» ብሎ ይመጣና ይጠፋል። የከፋብኝ ሦስተኛው ነው፤ «ሽሽሽ» ይላል። አኮ ስታወራ አይሰማም። ዝም ስትል ቀስ እያለ ይነሳና ያድጋል። እንደገና አፏን ስትከፍት ድርግም ይላል። የአኮ ወሬ ደግሞ ዝምታ ይበዛዋል። የሞተችውን ታናሽ እህቷን ስታነሳ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች ብዙ ትቆያለች። ያንን ዝምታ እፈልገዋለሁ። አሁን ግን ሽሽታ ሞልቶበታል።

ሪከርደሯን ረከቦቱ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ባትሪ እንዳያልቅ ቻርጀር ሰክቼ ነበር። አኮ በርጩማዋ ላይ፣ አንድ ሜትር ከምናምን ራቅ ብላ ነው የተቀመጠችው። ዕቃው ተበላሽቶ ነው? ልመልሰው? ወይስ በኮምፒውተር ይጸዳል?

መልስ፦ የሰርግ ድምፅ ባለሙያ

እህቴ፣ ዕቃሽ ደህና ነው፤ እንዳትመልሺው። በደንብ ስላዳመጥሽ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል።

ከሽሽታው ልጀምር። ሪከርደርሽ አውቶ ሌቭል ላይ ነው ያለው። አውቶ ድምፅ ሲቀንስበት ጌይኑን፣ ማለትም የማጉያውን መጠን፣ ራሱ ይጨምራል። እማማ ዝም ሲሉ የሚያጎላው ንግግር ስለሌለ የማይኩንና የማጉያውን የራሱን ሽሽታ ያነሳዋል። ሲናገሩ ደግሞ መልሶ ይቀንሳል። ስለዚህ ሜኑ ውስጥ ገብተሽ አውቶውን አጥፊ። ጌይኑን በእጅሽ አስተካክይ። ድምፃቸው ከፍ ሲል ስክሪኑ ላይ ያለው የድምፅ መለኪያ ከዜሮ በታች 12 ዲሲቤል (-12) አካባቢ ቢደርስ ይበቃል። በ24 ቢት ዌቭ፣ ድምፁን በማይጨምቀው የፋይል ዓይነት፣ ቅረጪ፤ የሚጨምቀው ኤምፒ3 ይቅር።

ግን አውቶ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። ርቀቱ በዝቷል። ርቀቱ በግማሽ ባነሰ ቁጥር ድምፃቸው 6 ዲሲቤል ገደማ ይጨምራል። ከ120 ሴንቲሜትር ወደ 30 ብታመጪው 12 ዲሲቤል አተረፍሽ ማለት ነው። ያን ያህል ጌይን ትቀንሻለሽ፣ ሽሽታውም አብሮ ይወርዳል። በቀጥታ አፋቸው ፊት ግን አታድርጊው፤ «ፐ» እና «ፈ» ሲሉ ትንፋሹ ማይኩን ይመታዋል። ትንሽ ወደ ጎን፣ ከአገጫቸው ዝቅ አድርጊው።

«እምምም» ያለው የመብራት ድምፅ ነው። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ በቻርጀሩ በኩል ይገባል። ቻርጀሩን ንቀይና በባትሪ ድንጋይ ቅረጪ፤ መለዋወጫ ድንጋይ አጠገብሽ ይኑር። ካልጠፋ ፍሪጁን ወይም ፍሎረሰንት አምፖሉን ጠርጥሪ። አንድ ነገር ብቻ እያጠፋሽ አንድ አንድ ደቂቃ ቅረጪ። ሁሉንም ባንዴ ካጠፋሽ ጥፋተኛውን አታገኚውም።

ደግሞ ጠረጴዛው ላይ በባዶው አታስቀምጪው። ሲኒ በተቀመጠ ቁጥር እንጨቱ ድምፁን ተሸክሞ ያመጣዋል። ጋቢ አጥፈሽ ከሥር አንጥፊለት።

መልስ፦ ሌላ አንባቢ

«ትርትርትር» ያልሽው ስልክ ነው። ሊደወል ሲል ወይም ሜሴጅ ሲገባ ቴፕ አጠገብ የምንሰማው ያ ድምፅ። የሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ ስልክ በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል እየቆራረጠ ስለሚልክ የማይክ ገመድና ሰርኪዩት ይይዘዋል። ሳይለንት ማድረግ አይጠቅምም። ኤርፕሌን ሞድ ይሁን ወይም ሌላ ክፍል ይቀመጥ። የሁሉም ሰው ስልክ፣ የሚያዳምጠውም ጭምር።

የበፊቱን ኦዳሲቲ በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ማጽዳት ይቻላል። በነጻ ነው የሚወርደው።

መልስ፦ የሰርግ ድምፅ ባለሙያ

እዚህ ላይ አልስማማም። የኦዳሲቲ ድምፅ ማጽጃ ረባሹ ድምፅ ብቻውን ያለበትን ቦታ ናሙና ወስዶ ነው የሚሠራው። የእሷ ሽሽታ ግን ከፍ ዝቅ ይላል። ዝምታው ላይ የተወሰደ ናሙና ንግግሩ ላይ ሲውል የእማማ ድምፅ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። የ«እምምም»ን 50 ኸርዝ እና 100፣ 150 ላይ ያሉትን ተከታዮቹን መቁረጥ ይቻላል። ከዚያ አትለፊ። ከመንካትሽ በፊት ደግሞ ዋናውን ፋይል ሁለት ቦታ ገልብጪ። የአያትሽ ድምፅ ነው፣ አደራ።

ጠያቂ

አመሰግናለሁ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ሞከርኩት፤ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ምንም አይቀረጽም።

ቻርጀሩን ስነቅል «እምምም» ወዲያው ጠፋ። ስልኩ የአጎቴ ሆኖ ተገኘ፤ ኮት ኪሱ ውስጥ ነበር። አውቶውን አጥፍቼ ሪከርደሯን አኮ ጎን ባለች ትንሽ በርጩማ ላይ፣ ጋቢ አንጥፌ አደረግኳት። በተከፈተ እጄ ስለካው ከአፏ እስከ ማይኩ አንድ ስንዝር ተኩል ነው። አንድ አዲስ ነገር ሰማሁ፤ «ክርክርክር» የሚል። ኢርፎኔን አድርጌ ስለነበር እዚያው ደረስኩበት። ነጠላዋ ማይኩን እየነካ ነበር። ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አጣፋሁላት።

ስለ እህቷ እንደገና ጠየቅኳት። እንደ በፊቱ ዝም አለች። አሁን ዝምታዋ ውስጥ ጀበናው ሲፈላ ይሰማል። ትንፋሿም ይሰማል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሐሙስ ጅሬን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጋ ልወስዳት ነው። ደጅ ነፋሱን እንዴት ላድርገው?

መልስ፦ የጅሬን ልጅ

እዚያ ሰገነቱ ላይ ቀርጬ አውቃለሁ። ኮረብታ ስለሆነ ነፋሱ ከፍ ያለ ነው። አብሮት የሚመጣው ስፖንጅ ለትንፋሽ እንጂ ለነፋስ አይበቃም። ጸጉራም ሽፋን ያስፈልግሻል። ካጣሽ ከልጅ ብርድ ልብስ ላይ ጸጉራም ጨርቅ ቆርጠሽ ሳታጠብቂ በስፖንጁ ላይ አልብሺው። ሎው ከት የሚለውን፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጠውን፣ 80 ኸርዝ ላይ አብሪ፤ የነፋሱን ጉርምርምታ ይቀንሰዋል።

ጀርባሽን ለነፋሱ ሰጥተሽ፣ አንቺ መካከል ሆነሽ ተቀመጪ። የእንጨቱ ወለል ሰው ሲራመድበት ስለሚጮህ አስጎብኚውን ትንሽ እንዲቆምላችሁ ለምኚው። በጊዜ፣ ጎብኚ ሳይበዛ ሂዱ። ለእማማም ጋቢ ያዢላቸው፤ ጠዋት ላይ ይበርዳል።