«ዝም ይበሉ» ብሎ ምክር

የእማዬ ልጅ፦
ትናንት አንዱ የጻፈው ሲያናድደኝ አደረ። «ወላጆቻችሁን ለሜዲኬሩ ዌልነስ ቪዚት ስትወስዱ ዝም ይበሉ። ሕመም ካነሱ ቢል (የሚከፈል ሒሳብ) ይመጣል» ይላል። ሜዲኬር የአሜሪካ መንግሥት ለአዛውንቶች የሚሰጠው የጤና መድን ነው፤ ዌልነስ ቪዚቱም በዓመት አንዴ በነፃ የሚደረገው የጤና ቀጠሮ ነው። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ሐኪም ፊት የምትቀርበው በዓመት አንዴ ነው። በዚያች ቀን «አፍሽን ያዢ» ልበላት?

ባለታክሲው፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቃሌንም አላጥፍም። አምና አባቴን «ነፃ ነው» ተብዬ ወሰድኩት። ሊወጣ ሲል «ጉልበቴን ያመኛል» አለ። ሐኪሙ አየው፣ ራጅ አዘዘ። ከወር በኋላ ቢሉ ቤት ገባ። ክሊኒኩ ጋ ስደውል «ጉልበቱ የዌልነሱ አካል አይደለም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አባቴን ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው «ሌላ ዕዳ ልታመጣብኝ ነው?» ይለኛል። ሰው ነፃ በሚል ቃል ተጠርቶ ሄዶ ለምን ይከፍላል?

ነርሷ፦
ወንድሜ፣ ቢሉ ያናድዳል፣ ይገባኛል። ግን ክሊኒኩ የነገረህ ሕጉን ነው። ዌልነስ ቪዚቱ በኦባማኬር፣ ማለትም በኦባማ ጊዜ በወጣው የጤና መድን ሕግ የመጣ ነው፣ የጀመረው በ2011 እ.ኤ.አ.። ፊዚካል (ሐኪሙ ሰውነትን በሙሉ የሚመረምርበት ቀጠሮ) አይደለም። ሜዲኬር በ1965 ሲቋቋም ጀምሮ ሕጉ መደበኛ ፊዚካልን አይሸፍንም። በዌልነሱ ቀን የሚሠራው መጠይቅ መሙላት፣ ቁመት፣ ክብደት፣ ደም ግፊት፣ የመድኃኒት ዝርዝር፣ የማስታወስ ፍተሻ፣ ከዚያም የትኛው ምርመራ መቼ ይደረግ የሚል ዕቅድ ነው። ሐኪሙ አዲስ ሕመም ካከመ ያ ሌላ ቪዚት ይሆናል። በፓርት ቢ (የሐኪም ቀጠሮን በሚሸፍነው የሜዲኬር ክፍል) መጀመሪያ ዴዳክቲብሉ፣ ማለትም መድኑ መክፈል ሳይጀምር ታካሚው በዓመት ከኪሱ የሚያወጣው፣ ይከፈላል፤ በ2025 257 ዶላር ነበር። ከዚያ በኋላ 20 ከመቶው የታካሚው ነው።

ባለታክሲው፦
እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው! ሕጉ እንዲህ ከሆነ ዝም ማለት ይሻላል።

የእማዬ ልጅ፦
አይደለም። እሷ «ሌላ ቪዚት ይሆናል» አለች። አንተ «ዝም ይበሉ» አልክ። አንድ ነው እንዴ? እናቴ ለኔም በግድ ነው የምትናገረው። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሷ። እንዲህ ያለችን ሴት ዝም በይ ካልካት ለዘላለም ዝም ትላለች።

አካውንታንቷ፦
የሁሉም ሽፋን አንድ እንዳልሆነም አትርሱ። ሜዲኬር አድቫንቴጅ (በግል መድን ድርጅት በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር) ያላቸው ብዙ ጊዜ ዓመታዊ ፊዚካልም ይሸፈንላቸዋል። ከሜዲኬር ጋር ሙሉ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ የሚሰጠው የመንግሥት መድን) ያላቸው አብዛኞቹ ያን 20 ከመቶ ከኪሳቸው አይከፍሉም። ስለዚህ ዝም ከማሰኘት በፊት የመድን ካርዱን ገልብጡና በጀርባው ባለው ስልክ ጠይቁ። ቀጠሮ ስትይዙም ዌልነስ ነው ወይስ ፊዚካል በሉ።

ሰሚ፦
እናንተስ ካርድ አላችሁ። እኔ እናቴን ያመጣኋት በቅርብ ነው። እዚህ ሠርታ ስለማታውቅ በግሪን ካርድ አምስት ዓመት እስክትሞላ ሜዲኬር መግዛትም አትችልም። በ20 ከመቶ ስትጣሉ ሳይ ያመኛል።

ጥያቄ አለኝ፦
እኔ ደግሞ ቪዚቱ ራሱ ጥቅም አለው ወይ እላለሁ። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት በ2019 ያወጣው ግምገማ ከ250 ሺህ በላይ ሰው የተሳተፈባቸውን ጥናቶች አይቶ ጠቅላላ ቼክአፕ ሞትን አይቀንስም ብሏል።

ነርሷ፦
ያ ግምገማ አዛውንቶች ላይ ብቻ የተሠሩትን ጥናቶች አላካተተም። ደግሞም ጠቅላላ ቼክአፕ ሌላ፣ ለይቶ የሚፈልግ ምርመራ ሌላ። የአንጀት ካንሰር ምርመራ ሰው ያድናል። ማሞግራም (የጡት ካንሰር ምርመራ) በየዓመቱ ያለ ክፍያ አለ። የጉንፋንና የሳንባ ምች ክትባት አለ። ብዙ አዛውንት ይሄ እንዳላቸው የሚሰሙት በዚያች ቀን ነው።

ባለታክሲው፦
የአንጀቱም ቢሆን ፖሊፕ (አንጀት ውስጥ የሚበቅል ትንሽ እጢ) አግኝተው ካወጡ 15 ከመቶ ያስከፍላሉ። አጎቴ ላይ ደርሷል።

ነርሷ፦
እውነት ነው። በ2027 ወደ 10 ይወርዳል፣ በ2030 ይቀራል። ግን አጎትህ ፖሊፑ ወጥቶለታል።

ጋሽ ጡረተኛ፦
ልጆቼ፣ እኔ 74 ዓመቴ ነው። ስለ እኛ ስትከራከሩ እያነበብኩ ነው። ስለ ገንዘቡ ተናገራችሁ። እኔን ዝም ያሰኘኝ ግን ገንዘብ አይደለም። መጠይቁ ላይ «ድብርት ይሰማሃል ወይ?» ይላል። የምታስተረጉመው ልጄ ነበረች። ባለቤቴ ካረፈች ስድስት ወሯ ነበር። ልጄን ዓይን ዓይኗን እያየሁ ምን ልበል? «የለም» አልኩ። ሐኪሙም «የለም» ብሎ ጻፈ።

ነርሷ፦
ጋሼ፣ ነፍስ ይማር። ክሊኒኩ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው። በስልክም ይሆናል። እርስዎ ካልፈለጉ በልጅዎ ማስተርጎም የለብዎትም።

ሰሚ፦
ይሄማ እኛን መውቀስ ነው። ሥራ ቀርቼ፣ የቀን ገቢዬን ትቼ እናቴን የምወስድ እኔ ነኝ። የማያውቃት ሰው በስልክ ምን ይረዳታል?

ጋሽ ጡረተኛ፦
ልጄን አልወቀስኩም። ልጄ ስለሆነች ነው ያልተናገርኩት።

አካውንታንቷ፦
ሰሚ፣ እንደ ባለታክሲው አትሁን። እሱም ለአባቱ አስቦ ነው ዝም ያሰኘው።

ባለታክሲው፦
እኔ አባቴን ዝም አላሰኘሁም! የሰው ንግግር አታጣሚ። ለዌልነሱ ቀን ብቻ ነው ያልኩት። ሕመም ካለው ሌላ ቀጠሮ ይዤ እወስደዋለሁ።

የእማዬ ልጅ፦
ታዲያ ይሄን ለምን አልጻፍክም? ሰው ያነበበው «ዝም ይበሉ» የሚለውን ነው። እኔ ራሴ ነግሬያት ነበር። የእናቴ ቀጠሮ ሐሙስ ነው። ደረጃ ስትወጣ ደረቷን ጭምቅ ያደርጋታል። ሰሞኑን ብሶባታል። «ሐሙስ ግን አላነሳም፣ አታስቢ» ብላኝ አደረች።

ነርሷ፦
እህቴ፣ ይሄ የሐሙስ ጉዳይ አይደለም። ዛሬ ለሐኪሟ ደውዪ። ቁጭ ብላ ከመጣባት ወይም ላብ ካጠመቃት 911 (ድንገተኛ እርዳታ) ጥሪ።

ባለታክሲው፦
እንዲህ ያለውንማ ዝም ትበል አላልኩም።

የእማዬ ልጅ፦
እሷ በምን ትለየው? የአባትህ ጉልበትና የእናቴ ደረት ለነሱ አንድ ናቸው። ሁለቱም ያመኛል ነው።

ባለታክሲው፦
ክሊኒኩ ነዋ ቀድሞ መናገር ያለበት! አሁንም እሱን ነው የምለው።

ነርሷ፦
ክርክሩን ተዉት። ደወልሽ?