አንቴናዬ ሜታሰርፌሱ ላይ ሲቀመጥ ለምን ይበላሻል?

ለ2.45 ጊጋኸርትዝ የሠራሁት ዳይፖል (ባለ ሁለት ክንድ) አንቴና ብቻውን ደህና ነው፤ ኤስ11 (ወደ አንቴናው ከተላከው ኃይል ተመልሶ የሚመጣው፤ ዝቅ ሲል ይሻላል) -18 ዴሲቤል ይደርሳል። ጣጣው ሜታሰርፌሱ (በተደረደሩ ትንንሽ የብረት ቅርጾች ሞገድን የሚያንጸባርቅ ገጽ) ሲጨመር ነው። ገጹ ባለ 1.6 ሚሊሜትር ኤፍአር4 (የተለመደ የፋይበርግላስ) ሰሌዳ ነው፤ ከላይ 4 በ4 የመዳብ ካሬዎች፣ ከጀርባው ሙሉ መዳብ።

ሲሙሌሽኑ ላይ የነጸብራቁ ፌዝ (የተመለሰው ሞገድ ከመጪው የሚለይበት ማዕዘን) በ2.45 ዜሮ ነው፤ ማለትም ሁለቱ ይደጋገፋሉ። ስለዚህ እንደ ተራ ብረት ሩብ ሞገድ፣ 30 ሚሊሜትር ገደማ፣ ሳላርቀው 6 ሚሊሜትር ላይ አስቀመጥኩት። ኤስ11 -4 ላይ ቀረ። ዳይፖሉን ሳሳጥረው ሬዞናንሱ (አንቴናው የሚስማማበት ፍሪኩዌንሲ) ፈቀቅ ይላል እንጂ አይጠልቅም። ከፍ ሳደርገው ይሻሻላል፤ እንዲህ ከሆነማ ገጹ ምን ሠራልኝ?

ሲሙሌሽኑ ማለቂያ የሌለውን ገጽ ነው የሚያሰላው፤ የእኔ ስፋት አንድ የሞገድ ርዝመት ቢሆን ነው። መጀመሪያ ካሬዎቹን ላብዛ፣ ወይስ ፌዙ በ2.45 ወደ 90 ዲግሪ እንዲጠጋ መጠናቸውን ልቀይር?